የአንዱን ፕሮጀክት ብር ለሌላው ማበደር፣ የዩሮው "ትርፍ" እና የ20 ፐርሰንቱ ነገር

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። 300 ልጆች በምትረዳ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ በፋይናንስ ኦፊሰርነት ከገባሽ ጥቂት ወር ሆኖሻል። ገንዘብ የሚመጣላችሁ ከሦስት ቦታ ነው፦ አንድ የአውሮፓ ለጋሽ በዩሮ፣ አንድ የተመድ ድርጅት በየሩብ ዓመቱ በብር፣ አሜሪካ ያሉ ሀበሾች ደሞ በየወሩ ለየልጁ የሚልኩት ስፖንሰርሺፕ። አሁን የተመዱ ክፍያ ዘግይቶ የደሞዝ ቀን ደርሷል፣ የዩሮው ፕሮጀክት አካውንት ላይ ግን የብር ዋጋ ስለወረደ ከታቀደው በላይ ብር ተቀምጧል፣ ዳይሬክተራችሁም "ለጊዜው ከዛ እንክፈልና ሲመጣ እንመልሳለን" ብለዋል። ከዛ ደሞ ስለ አስተዳደር ወጪው 20 ፐርሰንትና ስለ ሚቀጥለው ዓመት በጀት ጠይቀሻል።

ከደሞዙ ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያስቸኩለው። ከዩሮው አካውንት እንዳትከፍዪ። ዳይሬክተራችሁ ክፉ አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ሰራተኛ ደሞዝ ሲያጣ ማየት ከባድ ነው፣ የልጆቹን ቤት እየዞረች የምታየዋ ሶሻል ወርከር የቤት ኪራይ አለባት። ግን ያ ብር ባለቤት አለው። ለጋሹ ሲፈርም ለእነዚህ ልጆች፣ ለዚህ ስራ፣ እስከዚህ ቀን ብሎ ነው የሰጠው፣ ውሉን አውጥተሽ ብታነቢው "ከተፈቀደው ዓላማ ውጪ መጠቀም" የሚል አንቀጽ አታጪበትም፣ እና ብትመልሺውም እንኳ ለአንድ ሳምንት መውሰድሽ ራሱ በዛ አንቀጽ ስር ይወድቃል። ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው ቀኑን ነው። ብሩ መውጣቱን ከባንክ ስቴትመንት ያያል፣ የሌላ ፕሮጀክት ፔይሮል ከጀርባው ተያይዞ ያገኛል፣ ያኔ ዲስአላው ይደረግና፣ ማለትም ወጪውን አንቀበልም ተብሎ፣ ገንዘቡን ከኪሳችሁ መልሱ ይባላል፣ ኪስ የሌለው ድርጅት ደሞ ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

"ሲመጣ እንመልሳለን" የሚለው ቃል ራሱ አደገኛ መሆኑን ሁላችንም በ2017 አይተናል። ጃንዋሪ 2025 ላይ የአሜሪካ መንግስት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀን አቆምኩ ሲል ስራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ በአንድ ሌሊት ነው የመጣው፣ ዩኤስኤአይዲም በዛው ዓመት ጁላይ 1 ተዘጋ። በራሳቸው ብር ቀድመው ሰርተው በኋላ ሂሳብ ጠይቀው የሚከፈላቸው ድርጅቶች ያወጡትን ገንዘብ እየጠበቁ ቀሩ። እንግዲህ ያን ጊዜ ከሌላ ለጋሽ አካውንት "ለጊዜው" የተበደረ ድርጅት ምን ውስጥ እንደሚገባ አስቢው፣ አንዱ ለጋሽ ሲሄድ የሌላውንም ይዞ ነው የሚሄደው። ሁለት ፕሮጀክት በአንድ ቀን ይቆማል ማለት ነው፣ የሁለቱም ልጆች አብረው ይቀራሉ።

ታዲያ ደሞዙስ? መጀመሪያ የተመዱ ገንዘብ ለምን እንደዘገየ ለራስሽ አጣሪ። እኔ ካየኋቸው መዘግየቶች ብዙዎቹ መነሻቸው እዚሁ ቢሮ ውስጥ ነው። የተመድ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ዩኒሴፍ፣ ለአጋር ድርጅት ገንዘብ የሚለቁት በፌስ ፎርም ነው፣ ያለፈውን ሩብ ዓመት ወጪ ታወራርጂበታለሽ የሚቀጥለውን ትጠይቂበታለሽ። ያለፈው አድቫንስ (ቅድሚያ የተለቀቀው ገንዘብ) ሳይወራረድ ከስድስት ወር ካለፈ አዲስ ገንዘብ ይያዛል። ስለዚህ ፌስ ፎርሙ መቼ ነው የገባው? በጀት ላይኑ (የወጪ መስመሩ) ከጸደቀው ዕቅድ ጋር ይገጥማል? ፊልድ ላይ ያለው አስተባባሪ የወሰደውን የስልጠና አበል አወራርዷል ወይስ ደረሰኙ ቦርሳው ውስጥ ነው? አንድ ያልተወራረደ 40,000 ብር የ1.5 ሚሊዮን ብር ክፍያ ይዞ ሲያስቀምጥ ማየት የተለመደ ነው። ይሄን አጣርተሽ ከናንተ የሚጠበቅ ነገር ከሌለ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ስልክ ደውለው ቀን ይጠይቁ፣ ቀኑንም በኢሜይል ያስጽፉ።

ከዛ ድርጅቱ የራሱ የሆነ፣ ማንም ለጋሽ ገደብ ያላደረገበት ገንዘብ ካለው (የአባላት መዋጮ፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ የገቢ ማስገኛ ትርፍ) ብድሩ ከዛ ይሁን፣ ቦርዱ በቃለ ጉባኤ ይወስን፣ ሲመለስም በዛው ቃለ ጉባኤ ቁጥር ይመዝገብ። የስፖንሰርሺፑ ብር ግን "የኛ" አይደለም፣ እሱማ ጭራሽ የአንድ ልጅ ስም ያለበት ነው። ስፖንሰር አድራጊው ለልደቷ ብሎ 50 ዶላር ልኮ ከሆነ ያ ገቢ ብለሽ የምትመዘግቢው አይደለም፣ ለልጅቷ የሚከፈል ዕዳ ነው፣ ለብቻው ሌጀር (የሂሳብ መዝገብ) ይኑረው። የራሳችሁ ገንዘብ ከሌለ ለዩሮው ለጋሽ ጽፋችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ በጽሁፍ ከፈቀደ ፈቀደ ነው። ካልፈቀደ ለሰራተኛው እውነቱን ነግሮ ቀን መቁረጥ ነው ያለው። ከባድ ነው፣ ግን ድርጅት አይዘጋም።

አሁን ወደ ዩሮው "ትርፍ" እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዛ ወዲህ በውጭ ገንዘብ በጀት ያለው ድርጅት ሁሉ ያንቺ ጥያቄ አለው። በምሳሌ እንየው። ለጋሹ 40,000 ዩሮ ሰጣችሁ እንበል፣ በጀቱ የተሰራው በ130 ብር ነው፣ ይሄ 5,200,000 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው 20,000 ዩሮ በ130 ተመነዘረ፣ 2,600,000 ብር ገባ። ሁለተኛው 20,000 ሲመጣ ዩሮ 170 ደርሶ ነበር፣ 3,400,000 ገባ። በጠቅላላ 6,000,000 ብር። ዳይሬክተራችሁ የሚያዩት ያቺን 800,000 ብር ልዩነት ነው።

እንግዲህ ስለዛ 800,000 ሁለት ነገር ልበልሽ። አንደኛ ከፕሮጀክቱ የወጣ ብር አይደለም፣ ከ40,000 ዩሮው ውስጥ ያለ ነው፣ ውሉ የተፈረመው በዩሮ ስለሆነ ለጋሹ ሲቆጥር 40,000 ዩሮ ነው የሚቆጥረው። ሁለተኛ ትርፍ መሆኑን እንዴት አወቅን? ቁጭ ብለሽ በጀት ላይን በላይን ዋጋውን አስተያዪው። ዩኒፎርም በጀት ላይ 1,200 ብር ተብሎ አሁን ልብስ ሰፊው 1,700 ካለ፣ ደብተር በደርዘን ከጨመረ፣ የምገባው ዘይትና ምስር ከጨመረ፣ ለ300 ልጅ አባዝተሽ ስትደምሪው ከ800,000ው ውስጥ ምን ያህል እንደሚተርፍ ታያለሽ። ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ነው የሚሆነው። አንዳንዱ ድርጅት ይሄን ስሌት ሳይሰራ "ተርፎናል" ብሎ ላፕቶፕ ይገዛል፣ መስከረም ላይ ግማሹ ልጅ ያለ ዩኒፎርም ይቀራል። በጣም ያሳዝነኛል ይሄ ነገር።

ስሌቱን ከጨረስሽ በኋላ ፕሮጀክቱ ከማለቁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ለለጋሹ ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤው ውስጥ የሚገባው ይሄ ነው፦ በምን ምንዛሪ አቅደን በምን እንደተመነዘረ ከባንኩ አድቫይስ (የምንዛሪ ማስታወቂያ ወረቀት) ጋር፣ የትኞቹ ዕቃዎች ከስንት ወደ ስንት እንደጨመሩ ከፕሮፎርማ ጋር፣ ዋጋውን ሸፍነን የሚተርፈው ይሄን ያህል ብር መሆኑን፣ በሱም ለምሳሌ ተጨማሪ 40 ልጅ መያዝ ወይም የምገባውን ጊዜ በሁለት ወር ማራዘም እንደምንፈልግ። ለጋሾች እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ይወዳሉ፣ አብዛኛው ጊዜም ይፈቅዳሉ። የማይወዱት በመጨረሻው ሳምንት የሚላክ ደብዳቤ ነው። ከአንዱ ላይን ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ ማዛወር የሚቻልበት መጠን ደሞ ውሉ ላይ አለ፣ 10 ፐርሰንት የተለመደ ነው ግን ለጋሽ በለጋሽ ስለሚለያይ የራሳችሁን እዪ።

ሪፖርት ስትሰሪ ደሞ የትኛውን ምንዛሪ እንደምትጠቀሚ ተጠንቀቂ። በላይኛው ምሳሌ ሁለቱ ክፍያዎች ሲደመሩ አማካዩ 6,000,000 ለ40,000፣ ማለትም 150 ብር ነው። 900,000 ብር ብታወጪ በአማካዩ 6,000 ዩሮ ነው። የዕለቱን 170 ወስደሽ ከሰራሽው ግን 5,294 ዩሮ ይመጣል፣ ሪፖርቱ ላይ 706 ዩሮ ያልተነካ ይመስላል፣ ባንክ ላይ ግን የለም። ይሄን ልዩነት በኋላ ማስረዳት ራስ ምታት ነው። አንዳንድ ለጋሽ አማካይ ሳይሆን ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ ይላል፣ አንዳንዱ የራሱን ወርሃዊ ተመን ይሰጣል፣ ስለዚህ ውሉ የሚለውን አንዴ ያዢና እስከመጨረሻው አትቀይሪ።

20 ፐርሰንቱ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ለህዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይላል። በድሮው አዋጅ 621/2001 ጊዜ 70/30 የሚባለው (ቢያንስ 70 ለፕሮግራም፣ ቢበዛ 30 ለአስተዳደር) ነበር፣ ቁጥሩ ሲታይ ሰፋ ያለ ይመስላል ግን በመመሪያው የስልጠና፣ የጉዞ፣ የክትትል ወጪ ሁሉ አስተዳደር ተብሎ ስለሚቆጠር ብዙ ድርጅት አስጨንቆ ነበር። ያኔ የለመደ ሰው እስካሁን ከዛ ፍርሃት አልወጣም፣ "ይቺን ወደ ፕሮግራም አሻግሪያት" የሚልሽም ለዛ ነው። ማሻገር አያስፈልግሽም፣ በትክክል መመደብ ነው። ልጆቹ የሚያጠኑበት ሴንተር ኪራይ ፕሮግራም ነው፣ የዋናው ቢሮ ኪራይ አስተዳደር ነው። ሶሻል ወርከሯ፣ አስጠኚው፣ ምግብ አብሳይዋ ፕሮግራም ናቸው፣ አንቺ፣ ገንዘብ ያዥዋና ጸሐፊዋ አስተዳደር ናችሁ። የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ የቢሮው መብራትና ኢንተርኔት አስተዳደር። አንድ መኪና ለሁለቱም የሚሮጥ ከሆነ የጉዞ መዝገቡ (ሹፌሩ ጋር ያለው ሎግ) ይከፋፍለዋል።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ግን ይሄ ነው፦ ህጉ እስከ 20 ድረስ ይፈቅዳል ማለት ለጋሹ 20 ይሰጥሻል ማለት አይደለም። የአውሮፓ ህብረት ለተዘዋዋሪ ወጪ (እንደ ቢሮ አስተዳደር ላለው) የሚሰጠው እስከ 7 ፐርሰንት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግስት በተዘዋዋሪ ወጪ ላይ ከመንግስቱ ጋር የራሱ የተመን ስምምነት ለሌለው ተቀባይ 10 ፐርሰንት የነበረውን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ 15 አድርጎታል። በመሃል ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው የራሳችሁ ገቢ ነው፣ የራሳችሁ ገቢ ከሌለ ደሞ ቢሮው ሁሌም ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው፣ አሁን የገባችሁበት የደሞዝ ጣጣም ከዚሁ የሚመጣ ነው። አዋጁ ገቢ ማስገኛ ስራ እንድትሰሩ ይፈቅዳል፣ ይሄን ለቦርዱ አንሺላቸው።

ከዚሁ ጋር የደሞዝ ክፍፍል አለ። አንድ ሠንጠረዥ ስሪ፣ ወደታች የሰራተኛ ስም፣ ወደ ጎን የለጋሾች ስም፣ እያንዳንዱ ሰው ተደምሮ ልክ 100 መምጣት አለበት። ፕሮፖዛል በተለያየ ጊዜ ስለሚጻፍ ሹፌሩ እዚህ 60 እዛ 60 ተብሎ 120 ፐርሰንት ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ይሄ ደሞ ሆን ተብሎም ባይሆን አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ታይም ሺቱም (የስራ ሰዓት መመዝገቢያው) በየወሩ ከዚህ ሠንጠረዥ ጋር ይግጠም።

ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ስትነሺ ካለፈው ዓመት ፋይል ላይ 10 ፐርሰንት ጨምሮ ኮፒ ማድረግ አያዋጣም። ከልጁ ተነሺ። አንድ ልጅ በዓመት ምን ያስፈልገዋል ብለሽ ከሶሻል ወርከሯ ጋር ዘርዝሪ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ጫማ፣ ምገባ ስንት የትምህርት ቀን፣ ለትልልቆቹ ሴቶች ሞዴስ፣ ህክምና፣ ለአሳዳጊ የሚሰጥ ድጎማ። ለእያንዳንዱ የዛሬ ፕሮፎርማ ያዢ። ከዛ መቼ እንደሚወጣ በወር በወር አስቀምጪው፣ እዚህ ላይ ነው አብዛኛው በጀት የሚሰናከለው። የለጋሹ ዓመት ዲሴምበር 31 ያልቃል፣ ያ ለኛ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ነው፣ የመንግስት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፣ የልጆቹ ትልቁ ወጪ ግን ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ለጋሹ በአራት እኩል ክፍያ እልካለሁ ሲል ዝም ብለሽ እሺ ካልሽ ነሐሴ ላይ ዩኒፎርም መግዣ አይኖርሽም። የክፍያ መርሃ ግብሩን ከመፈረማችሁ በፊት የወር በወር ዕቅዱን አሳዪውና ሁለተኛው ክፍያ ከሐምሌ በፊት እንዲገባ ተደራደሩ።

ደሞዝ ላይ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። የአሰሪ ጡረታ 11 ፐርሰንት፣ 15,000 ብር ደሞዝተኛ ድርጅቱን 16,650 ነው የሚያስወጣው። ሌላው ስንብት ነው። ፕሮጀክት አልቆ ሰው ሲቀነስ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዛ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት የዛ ሲሶ ይጨመራል፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። 15,000 የሚከፈላት አምስት ዓመት የሰራች ሰራተኛ 15,000 ሲደመር አራት ጊዜ 5,000፣ 35,000 ብር ይደርሳታል፣ በቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደሞዝ ደሞ ይጨመርበታል። የመጨረሻው ለጋሽ "እኔ ጋ የሰራችው አንድ ዓመት ነው፣ የአንድ ዓመቱን ብቻ እከፍላለሁ" ይላል፣ ልክም ነው። የቀረውን ከየት? ስለዚህ በየፕሮጀክቱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተያዘ ለብቻው አካውንት ይግባ፣ ለጋሾቹም ውል ሲፈረም ይወቁት።

ከጥያቄሽ ውጪ ቢሆንም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ካያያዝሽው የአሳዳጊዎች ክፍያ ሺት ላይ ስሞቹን ሸፍነሽዋል፣ ጎበዝ፣ ርዕሱ ግን ይታያል፦ "ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ልጆች የወር ድጎማ" ይላል፣ ከስሩ ተራ ቁጥር፣ የልጁ ሙሉ ስም፣ የአሳዳጊ ስም፣ ቀበሌ፣ ብር፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ይሄ ወረቀት ቫውቸር ጀርባ ተያይዞ የት የት እንደሚሄድ አስቢ። ገንዘብ ያዥዋ ታየዋለች፣ ወረፋ ላይ ያለው አሳዳጊ ሁሉ ሲፈርም ከላይ እስከታች ያነበዋል፣ ኦዲተሩ ፎቶ ያነሳዋል፣ ስካን ሆኖ ለጋሹ ጋ ይደርሳል። አንድ ልጅ ሰፈሩ ውስጥ ሚስጥሩ ወጥቶ ከትምህርት ቤት ቢቀር የድጎማው 1,000 ብር ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ክፍያ ጀምሮ ርዕሱ "የወር ድጎማ" ብቻ ይሁን፣ በልጁ ስም ቦታ ኮድ ይግባ፣ ሺቱ ላይ የሚታየው ኮድ፣ የተቀባዩ አሳዳጊ ስም፣ ብርና ፊርማ ነው። ኮዱን ከልጁ ስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ የኬዝ ፋይሉን በያዘችው ሶሻል ወርከር እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ኦዲተር ማጣራት ሲፈልግ ናሙና መርጦ እሷ ባለችበት ይይ እንጂ ኮፒ አይውሰድ። የሚቻል ከሆነ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ለአሳዳጊው በቀጥታ ይሂድ፣ ወረፋውም ይቀራል፣ የባንኩ ዝርዝርም ለኦዲት ከፊርማ የተሻለ ማስረጃ ነው። ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ላይም መግለጫው ቦታ ላይ በሽታም ስምም አትጻፊ። ያለፉት ሺቶች ለኦዲት ስለሚያስፈልጉ አይቀደዱም፣ ከቫውቸሩ ጀርባ አውጥተሽ በታሸገ ፖስታ ለብቻ አስቀምጪያቸውና ቫውቸሩ ላይ የፖስታውን ቁጥር ጻፊበት፣ በኢሜይል የተላከላቸው ካሉም ዳይሬክተራችሁ ጽፈው ኮፒውን እንዲያጠፉ ይጠይቁ።